የአቀበት ስንቅ

ባለፈው ዓመት የኢድ ዋዜማ ዌኒንግ ከሞተሯ ላይ ስትወርድ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። ቦታው አልተለወጠም፤ ወደ ካሊጀሮ መንደር በሚያወጣው ጠባብ መንገድ፣ ከቀርከሃው ጫካ ቀጥሎ ያለው ቀጥ ያለ ዳገት ጥምዝ ነው። የመንደሩ ጎረምሶች «ውረዱ» ብለውታል። ስሙ ካርታ ላይ የለም፤ ግን በሱምቢንግ ተራራ ወገብ ላይ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛውም በእግሩ ነው የሚያውቀው።

ሞተሯ እንደ ወትሮዋ ከታች እያጓራች መጣች። ጥምዙ ላይ ስትደርስ ድምጿ ወፈረ፤ ከዚያ ታነቀች። «ቡብ፣ ቡብ፣ ቡብ» አለች። ባሏ ፕራሶጆ የነዳጅ እጀታውን በጠመዘዘ ቁጥር ይብስባት ጀመር።

«ውረጂ፣ ዲክ» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር፤ ዲክ ማለት «ታናሼ» ማለት ነው።

ዌኒንግ ወረደች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ለእናቷ የያዘችውን የአኩሪ አተር ሶስ ጠርሙስ አንጠልጥላ ሽቅብ ተያያዘችው። ከላይ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ቤተሰቡ ተሰልፎ ያጨበጭባል። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የጉናዲ ድምፅ ነው። ጉናዲ የታናሽ እህቷ የረትኖ ባል ነው፤ ማገላንግ ከተማ ጸሐፊ፣ በዚህ ቤት ደግሞ ዋና ተረበኛ።

«ምባክ ዌኒንግ! ዘንድሮ ሞተሯን በሦስት ደቂቃ ቀደምሻት!» አላት፤ ምባክ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከዚያ ላቡን እየጠረገ ወደሚመጣው ፕራሶጆ ዞረ፤ እሱን «ማስ»፣ ወንድም ጋሼ፣ ነው የሚለው። «ማስ፣ ይቺ ነገር ለመንጃ ነው የተሠራችው ወይስ ፎቶ ለመነሻ?»

በማግስቱ፣ ኢድ ዕለት፣ ልጆቹ እንደየዕድሜያቸው በእናታቸው በኢቡ ሱርቲናህ ወንበር ሥር ተንበርክከው የዓመቱን ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው እንዳለቀ ምግብ ቀረበ፤ ምግብ እንደቀረበ ተረቡ ካቆመበት ቀጠለ። ጉናዲ የራሱን ማርሽ አልባ ስኩተር አወደሰ። እንዴት ቁጭ ብሎ ብቻ እንደሚወጣ፣ ረትኖ አንድም ቀን ጫማዋን አቧራ እንዳልነካው ተናገረ። «ሽጣት፣ ማስ። ለምባክ እግር እዘንለት።»

ፕራሶጆ ኬቱፓቱን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለውን ሩዝ፣ ጎርሶ ነበር። ሳይውጥ ተናገረ። «የሚመጣው ዓመት ዌኒንግ በእግሯ ከወጣች እሸጣታለሁ! ኢቡ ምስክሬ ናቸው!»

ኢቡ ሱርቲናህ ሳህናቸውን አስቀመጡ። «ሰምቻለሁ» አሉ።

በዚያ ቤት በኢድ ቀን እናት ፊት የተነገረ ቃል እንደ ቀልድ አይታለፍም። ዌኒንግ ባሏን አየችው፤ እሱም ምን እንደተናገረ የገባው ያን ጊዜ ነበር።

*

ሞተሯ አረንጓዴ ናት፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ካርቡሬተር፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ፊቷ እንደ ተርብ የሾለ። አዳዲሶቹ ሁሉን ነገር በኮምፒዩተር ነው የሚያደርጉት፤ እሷ ግን ቤንዚኗን በራሷ ትንፋሽ ስባ ነው የምትጠጣው። ከታች ባሕሩ ዳር ባለችው ሰማራንግ ከተማ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከፕራሶጆ እናት፣ ከሁለት ወንድሞቹና ከአንደኛው ወንድም ሚስት ጋር ነው። ቀን ቀን እሱ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ እሷ የሶስ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ናት። ማታ ቤቱ ገበያ ነው። እሑድ ጠዋት ብቻ እሷ ከኋላው ተፈናጥጣ በባሕሩ ዳር ይወጣሉ፤ የሚሉትን ይባባላሉ፣ የሚስቁትን ይስቃሉ። ሞተሯ ከተሸጠች ከመላው ከተማ ለሁለት ሰው ብቻ የምትሆን አንዲት ቦታ አትቀራቸውም ነበር። ስኩተሩም ሁለት ሰው ይይዛል ሊባል ይችላል። ስኩተር ግን አማቷም ገበያ የምትሄድበት፣ ወንድሞቹም የሚዋዋሱት ነገር ነው። አረንጓዴዋን ማንም አይለምንም፤ ሁሉም ይፈራታል።

ፕራሶጆ መፍትሔ የሚፈልገው በመጨመር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው መካኒክ ፓክ ሙክሲን ጋራዥ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ከተቀመጠው ሁሉ አንድ አንድ ምክር ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ትልቅ ሳጥን አውልቆ በምትኩ ሁለት ቀይ ሾጣጣ ማጣሪያዎች ሰካ። «እስከዛሬ በአፍንጫዋ ነበር የምትተነፍሰው፤ አሁን አፏን ከፈትኩላት» አለ። በሚቀጥለው ወር የጢስ መውጫውን ማርሚታ ለወጠ። ከዚያ በኋላ ሲመጣ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

ዌኒንግ አልተቃወመችም። ሥራዋ ግን አንድ ነገር አስተምሯታል። ፋብሪካው ውስጥ የሶሱን ውፍረት የምትለካው ከሥሩ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ኩባያ ነው፤ ኩባያዋን ትሞላለች፣ ጣቷን ከቀዳዳው ታነሳለች፣ እስኪያልቅ ሰከንድ ትቆጥራለች። አሥር ዓመት ሙሉ። እዚያ ቤት «ወፈር ያለ ይመስለኛል» አይባልም።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ እሱ ምንም ሳይነካ፣ እዚያው ከተማ ያለውን የጎምቤልን ዳገት መለኪያ አድርጋ መርጣ ነበር። እሑድ በማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከዳገቱ ሥር ካለው ድልድይ ተነስተው ሰማያዊ ቆርቆሮ እስካለው ሱቅ ድረስ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣሉ። ሁለቱም ይጫናሉ። ቤንዚኑ ሁልጊዜ ግማሽ ነው። ሦስት ጊዜ ይወጣሉ፤ እሷ ከኋላ በስልኳ ትቆጥራለች፣ ሲጨርሱ ትንሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

«ተሰማሽ?» አላት ማርሚታው የተለወጠ ጊዜ፣ ሄልሜቱን እያወለቀ። ዓይኑ ያበራል። «በረረች እኮ!»

«ጮኸች» አለችው። «ሃምሳ ሦስት።»

«ምኑ ነው ሃምሳ ሦስት?»

«ሰከንድ። ምንም ሳትነካት በፊት ሃምሳ አንድ ነበረች።»

«ስልክሽ ተበላሽቶ ነው።»

«ስልኬ ቢበላሽማ እናትህ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ባልደወሉልኝ።»

«እኔ መቀመጫዬ ላይ ይታወቀኛል፣ ዲክ። ትገፋኛለች።»

«መቀመጫህ ቁጥር አይጽፍም፣ ማስ።»

አኮረፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጋራዡ ትልልቅ የቤንዚን መመጠኛዎች አምጥቶ ገጠመ። መመጠኛ ማለት በካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ባለ ቀዳዳ ነሐስ ናት፤ ሞተሯ የምትጠጣው ሁሉ በእሷ ያልፋል። ቀዳዳዋ ከሰፋ ብዙ ትጠጣለች፤ ብዙ ከጠጣች ብዙ ትሮጣለች፤ የአግዳሚው ሰዎች ሒሳብ ይህ ነው። ጎምቤልን ሃምሳ ስድስት ወጣች።

ያን ቀን ፕራሶጆ አልተከራከረም። ሰማያዊው ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ ጓንቱን ሲያወልቅ ቆየና «ልሸጣት ነው ማለት ነው» አለ።

«አይደለም» አለች ዌኒንግ። «ስንት ነገር በላይ በላዩ ነካክተሃል? ከዛሬ ጀምሮ አንድ አንድ ብቻ። መጀመሪያ የድሮዎቹን መመጠኛዎች አምጣልኝ።»

*

የድሮዎቹ ሁለት መመጠኛዎች በፌስታል ተጠቅልለው መሣቢያ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጿል። ዌኒንግ ቅዳሜ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ፋብሪካው ይዛቸው ሄደች፤ ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛችውን ያንኑ ቁጥር የያዘ አንድ አዲስም ጨመረች። እያንዳንዷን በጎማ ክዳን ወትፋ ከኩባያዋ ሥር ገጠመችና ውኃ ለቀቀች።

አዲሷ በሰማንያ ስምንት ሰከንድ አሳለፈች። አንዷ አሮጌ በሰባ አራት። ሌላዋ አሮጌ በስድሳ ስድስት።

አምስት አምስት ጊዜ ደገመችው። አልተለወጠም። ነሐሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ፣ ቀዳዳው ሌላ ነው። ነሐስ ደግሞ በመጠጣት ብቻ ይህን ያህል አይሰፋም፤ ሰው ነክቶታል። በዚያ ላይ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ሞተሯ በአንድ አፍንጫዋ ስትሰምጥ በሌላው ትንፋሽ ትፈልጋለች።

የጾሙ ወር የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ነበር። ባልና ሚስቱ ፓክ ሙክሲን ጋራዥ ሲደርሱ ሽማግሌው መነጽራቸውን በላስቲክ ከጆሯቸው አስረው የአንድ ዓሣ ነጋዴ ሞተር ላይ አጎንብሰው ነበር። በጣታቸው የያዙት ቀጭን የጊታር ክር ነው። ክሩን የሚያስገቡት ደግሞ በመመጠኛ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ነሐሱን እየፋቀ።

ዌኒንግ ክሩን አየች፤ ፕራሶጆን አየች።

«ፓክ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ስንቅ ነዋ!» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «የአቀበት ስንቅ። ለኢድ ወደ ተራራ የሚሄድ ደንበኛዬ ሁሉ ያለ አንዲት ሩፒያ ያገኛታል። በጾም ወር የእኔ ምጽዋት ይቺ ናት።»

«የእኛንም?»

«የናንተንማ አራት ዓመት ሙሉ! ባልሽ በየዓመቱ ‹ፓክ፣ ዳገቱ ላይ ታነቀች› እያለ ይመለሳል። እኔም ልቤ አይችልም፤ በየዓመቱ ትንሽ ጨመር፣ ትንሽ ጨመር።» በኩራት ሳቁ። «በሬ እንኳ ዳገት ሲወጣ ትርፍ ገፈራ ይሰጠዋል።»

ፕራሶጆ አፉን ከፈተ። ዌኒንግ እግሩን ረገጠችው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በጾም ወር፣ ደንበኞቻቸው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድረው እያዩ፣ ምጽዋታቸው ጢስ ነው ሊባሉ አይገባም። ከቦርሳዋ አራት ትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በየከረጢቱ አንድ አንድ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ አለ፤ በየከረጢቱ ላይ ቀንና ቦታ ተጽፏል። ባለፈው ኢድ ፕራሶጆ እናቷ ግቢ ውስጥ የቀየራቸውን አሮጌ ካንዴላዎች ሊጥል ሲል የወሰደቻቸው እሷ ናት። ለምን እንደወሰደቻቸው ቢጠይቋት፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ነገር አይጣልም ትላለች።

«እነዚህ ሁለቱ ከዚህ ከሰማራንግ ናቸው» አለች። «እነዚህ ካሊጀሮ ዳገቱ እንደተወጣ የወለቁ ናቸው። እኔ ቀለም አነባለሁ እንጂ ካንዴላ ማንበብ አላውቅም። እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ፓክ ሙክሲን ክሩን አስቀመጡ። የሰማራንጎቹን አነሱ፤ ጠቆር ያለ ቡናማ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የካሊጀሮዎቹን አነሱ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጥላሸት የለበሰ። አውራ ጣታቸውን አሹበት፤ ጣታቸው እንደ ኩል ጠቆረ። አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት።

አርባ ዓመት ካንዴላ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ አስረጂ አይፈልጉም። ግን በአርባ ዓመት አንድም ሰው ከተራራ ካንዴላ ይዞላቸው መጥቶ አያውቅም። ሞተሮቹ ራሳቸው ይመለሳሉ፤ የባሕሩን ዳር መንገድ ሲነዱ ካንዴላው ነድዶ ጥላሸቱ ይረግፋል፤ ሽማግሌው የሚያዩት ያንን ነው።

«እዚያ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ፓክ» አለች ዌኒንግ በቀስታ። «ሙሉ ትንፋሽ አታገኝም። እኛ ደግሞ ሳህኗን እየቆለልንላት።»

«አነቅኳት» አሉ ፓክ ሙክሲን።

«አይ፣ ፓክ...»

«አነቅኳት እንጂ! አማት ሙሽራውን እንደምታጎርስ ነው ያጎረስኳት!» ቁና ቁና ተነፈሱና ድንገት ወደ ዓሣ ነጋዴው ዞሩ። «አንተ! አምና እንዴት ገባህ?»

«እየገፋሁ» አለ ዓሣ ነጋዴው።

«ካቻምናስ?»

«ካቻምናም እየገፋሁ። እርስዎ ‹ዳገቱ ክፉ ነው› ብለውኝ አልነበር?»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። መነጽራቸው በላስቲኩ ተንጠልጥሎ እስኪወድቅ ሳቁ፤ አግዳሚውም ተከተላቸው። ሲበቃቸው የጊታሩን ክር ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ዘንድሮ ስንቁ ተቀይሯል» አሉ። «ወደ ተራራ የሚወጣ ሁሉ ጠበብ ያለ ይገጠምለታል። ልጄ፣ ያቺን ኩባያሽን አምጪ።»

*

ቀሪው ሥራ የመመለስ ሥራ ነበር። የማጣሪያው ሳጥን ጎረቤታቸው ቡ ዳርሚ ጓሮ ተገኘ፤ ዶሮዋ ገብታ እንቁላል ትጥልበታለች።

«ለምዳዋለች እኮ» አሉ ቡ ዳርሚ። «ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደለችም።»

ፕራሶጆ አዲስ ቅርጫት ገዝቶ፣ ጭድ ጎዝጉዞ፣ ዶሮዋን ራሱ ተሸክሞ አዛወራት። ሳጥኑ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ አዲስ ማጣሪያ ገባበት። በሚቀጥለው እሑድ ቁጥሩ ወደ ሃምሳ አንድ ተመለሰ። ከዚያ ፓክ ሙክሲን ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ጎማዎች በእጃቸው ሲያጥፏቸው ስንጥቅ ታየ፤ ተቀየሩ። በካርቡሬተሩ ክዳን ሥር ያለውን ስስ ጎማ ዌኒንግ ወደ ፀሐይ አንስታ ስታየው እንደ ኮከብ የምታበራ አንዲት ነጥብ አገኘች፤ እሱም ተቀየረ። አርባ ስምንት። የቫልቮቹ ክፍተት ተስተካከለ። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲስቡ ሽማግሌው ዘይት ያለበት ብርሃን አሳላፊ ቱቦ በመካከላቸው ዘርግተው፣ ዘይቱ ወደ ማንም ሳያደላ መሐል እስኪቆም ድረስ ብሎኗን በካቻቪቴ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር አዞሩ። አርባ ስድስት።

የመጨረሻው ትልቅ ጠብ የካቴናው ነበር። ሽማግሌው የኋላውን የካቴና መዘውር ሁለት ጥርስ በሚበልጥ እንለውጠው አሉ፤ ጉልበት ትጨምራለች፣ ግን ጫፍ ፍጥነቷ ይቀንሳል።

«ፍጥነቷ!» አለ ፕራሶጆ፣ የተሰደበ ያህል።

«በዚያ ፍጥነት ነድተህ ታውቃለህ?» አለች ዌኒንግ።

«ባልነዳም... አለኝ ማለት ነው።»

«እሺ። ጎምቤልን አንዴ ሞክረናት ካልወደድካት እንመልሰዋለን።»

አርባ ሦስት ሰከንድ። የድሮውን ማርሚታ መልሰው ስለገጠሙ ሞተሯ ስትወጣ የሚሰማው ዝቅ ያለ፣ የማይቆራረጥ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ፕራሶጆ ሱቁ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ኋላ ወደ ዳገቱ ተመለከተ። «አልጮኸችም» አለ። ደስታና ኀዘን ፊቱ ላይ ተቀላቅለዋል። «እንዴት ሳትጮህ ወጣች?»

*

የጾሙ የመጨረሻ ቀን ከሰማራንግ እኩለ ቀን ላይ ተነሱ። መንገዱ አገር ቤት በሚገባው ሕዝብ ተሞልቷል፤ ምንጣፍ የጫነ፣ ሩዝ የጫነ፣ ልጅ በመሐል ያስቀመጠ። ከተራራው ሥር ያለችው የመጨረሻ ከተማ ሲደርሱ ዌኒንግ ነዳጅ ማደያው ጥላ ሥር እንዲቆም ነገረችው። ጠባቦቹን መመጠኛዎች የሚገጥሙት እዚህ ነው። ባሕሩ ዳር ቢገጠሙ ሞተሯ ተርባ ከልክ በላይ ትሞቅ ነበር፤ እዚህ ካልተገጠሙ ደግሞ ትታነቃለች። ዌኒንግ በኩባያዋ ለክታቸዋለች፤ ዘጠና ሰባት ሰከንድ ያሳልፋሉ፣ ሁለቱም እኩል።

ካርቡሬተሮቹ ወጥተው ንጹሕ ጨርቅ ላይ እንደተዘረጉ ነው ጉናዲና ረትኖ በስኩተራቸው ብቅ ያሉት።

«ማስ!» ጉናዲ በፍሬን ተንሸራቶ ቆመ። «ዳገቱን ሳታየው ገና ተበታተነች? ሬሳዋን በጨርቅ ሸፍኑት እንጂ!»

ፕራሶጆ ቀና አለ። ዌኒንግ ክንዱን ያዘችው። «ጾም ላይ ነኝ በለው። መመጠኛዋን ደግሞ እንዳትጥላት።»

«ጾም ላይ ነኝ» አለ ፕራሶጆ ጥርሱን ነክሶ።

«ለኢቡ ልንገራቸው? ኢፍጣሩን ለማታ እናስቀምጥላችሁ?» ጉናዲ እየሳቀ ሄደ። ረትኖ ከኋላ ዞራ በእጇ ይቅርታ ጠየቀች።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያ የትምባሆውን እርሻ እያቋረጡ ወጡ፤ ቅዝቃዜው በጃኬቱ እጅጌ ገባ። የቀርከሃው ጫካ ሲታይ ፕራሶጆ ወደ አንደኛ ማርሽ አወረደ። ዌኒንግ እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ ነበር፤ ትንፋሹን መያዙ ታወቃት። ጥምዙ መጣ። በየዓመቱ ድምጿ የሚወፍርበት ቦታ መጣ። ድምጿ አልወፈረም። ጎማዋ መሬቱን ቆንጥጣ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትንገራገጭ፣ አንድ ዓይነት እያንጎራጎረች ወጣች፤ አጥሩም ታየ፣ የእናቷ ጣራም ታየ፣ ግቢውም ደረሰ።

ግቢው ውስጥ ማንም የለም።

ፕራሶጆ ሞተሯን አጠፋ። ከጓዳ የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ተያዩ። ረትኖ ጭልፋ ይዛ ስትወጣ አየቻቸውና ጮኸች። «መቼ ደረሳችሁ?» ጉናዲ ከመታጠቢያው በሽርጥ፣ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ መጣ። ሞተሯን አየ፣ ዌኒንግን አየ፣ ግንባሯን አየ።

«አላላበሽም» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «አሃ! ምባክ ከታች ወርዳ በአቋራጩ በቀስታ ወጥታለች! እኔ ድምፅ አልሰማሁም። ማንም አልሰማም። ያቺ ሞተር ስትመጣ ዎኖሶቦ ከተማ ድረስ ትሰማለች!»

ፕራሶጆ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ማርሚታውን ተይልኝ አላልኩሽም?»

ክርክሩ ኢቡ ሱርቲናህን ከጓዳ አወጣቸው። እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ሁሉንም ሰሙ። «ማን አየ?» ብለው ጠየቁ። ማንም። «እኔ ምስክር ተብዬ ነበር። ምስክር ያላየውን አይመሰክርም።» ወደ ፕራሶጆ ዞሩ። «እታች አውርደኝና ይዘኸኝ ውጣ።»

«ኢቡ፣ ጾመኛ ነዎት፣ ጉልበትዎ...» አለ ጉናዲ።

«በጉልበቴ ነው እንዴ የምወጣው? የዌኒንግን ቆብ አምጡ።»

ዌኒንግ ሄልሜቱን እናቷ ራስ ላይ ስታስር በዓይኗ መዘነቻቸው። ከእሷ ቢያንስ አሥራ አምስት ኪሎ ይበልጣሉ። ደብተሯ ውስጥ ለዚህ ክብደት የተጻፈ ቁጥር የለም። ባሏም ይህን ስለሚያውቅ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው የወረደው።

ጎረቤት ሳይቀር አጥሩ ጋ ተሰለፈ። «አሁን ብትቆም» አለ ጉናዲ፣ ድምፁ ለራሱም ሳያምረው፣ «ኢቡ በእግራቸው ሊወጡ ነው። ያኔ ማስ ሞተሩን ሳይሆን አገሩን ነው የሚለቀው።» ዌኒንግ ስልኳን ይዛለች፤ ቆጠራውን ማስጀመር ግን ረስታዋለች።

ጉርምርምታው ከቀርከሃው ውስጥ መጣ። ዝቅ ያለ፣ ያልተቆራረጠ። አረንጓዴው ፊት ብቅ አለ፤ ከኋላው የኢቡ ሱርቲናህ መቀነት ይውለበለባል። ጥምዙ መሐል ሲደርሱ ከላይኛው ማሳ አንዲት ሴትዮ የሣር ሸክም ተሸክማ፣ ምንም ሳታይ፣ መንገዱን ተሻገረች።

ፕራሶጆ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ «ውረዱ» ላይ፣ አማቱን ይዞ ቆመ።

«ወይኔ» አለች ረትኖ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ አለች፣ በመጨረሻ ጥግ ያዘች። ሞተሯ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፕራሶጆ ፍሬኑን በእግሩ ይዞ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፤ ከታች ድምጿ አንድ እርከን ከፍ አለ፣ እዚያው ረጋ። ተነሳች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ እንደ መጀመሪያዋ አንጎራጎረች። አጥሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸው ጉናዲ ነበር፣ በሽርጡ እየዘለለ።

ግቢው በር ላይ ቆሙ። ኢቡ ሱርቲናህ የሄልሜቱን መስታወት ወደ ላይ ገፉት።

«ጉናዲ፣ አየህ?»

«አየሁ፣ ኢቡ። በዓይኔ አየሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ሞተሯ አትሸጥም።»

ዌኒንግ ልትስቅ ነው ልታለቅስ ሳይለይላት ባሏን ትከሻውን ያዘችው፤ ሸሚዙ ከላብ የተነሳ ይጨመቃል። ከዚያ እናቷን ለማውረድ እጇን ዘረጋች። እናቷ እጇን አልያዙትም። ቀና ብለው ከቤቱ በላይ፣ በጎመኑ ማሳ መሐል ወደ ሰማይ የሚወጣውን መንገድ እያዩ ነበር።

«ለመግሪብ ሶላት ገና ግማሽ ሰዓት አለ» አሉ። «የእህቴ ቤት እዚያ ካለው ዳገት ላይ ነው። ስድስት ዓመት አልወጣሁትም። ንዳ፣ ልጄ።»

ፕራሶጆ ሚስቱን አያት። ዌኒንግ ከመንገድ ዞር አለች። ሞተሯ አንጎራጉራ ሽቅብ ሄደች፤ መቀነቱም ከጎመኑ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲውለበለብ ታየ።

«ምባክ» አለች ረትኖ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ «መቼ የሚመለሱ ይመስልሻል?»

«እንጃ» አለች ዌኒንግ። «ቤንዚኑ ሙሉ ነው።»